ድረ ገጻችንን ወደ አዲስ ሲስተም ልናዛውር ነው፤ ምን ላንብብ?

ጥያቄ፦ አዲስ_ኃላፊ

ሰላም ለሁላችሁም። እህታችሁን በምክር እርዱኝ።

የምሠራው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው፣ በኤዲተርነት። ከሁለት ወር በፊት ድረ ገጻችንን ከአሮጌው ሲስተም ወደ አዲስ ሲኤምኤስ (የድረ ገጽ ይዘት የሚጻፍበትና የሚታደስበት ሶፍትዌር) የማዛወሩን ሥራ «አንቺ ምሪው» ተባልኩ። ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። አሁን ግን ሌሊት እንቅልፍ እየነሳኝ ነው።

የቀረን ጊዜ ሰባት ወር ነው። ሁለት ዴቨሎፐሮች አሉን፤ ጎበዞች ናቸው። ከየክፍሉ ደግሞ ይዘት የሚሰጡን አሥራ አንድ ሰዎች አሉ፤ ሁሉም ሌላ ዋና ሥራ አላቸው። ስንት ገጽ እንዳለን ስጠይቅ አንዱ «ሁለት ሺህ ቢሆን ነው» አለኝ። ሌላው «ኧረ ከአምስት ሺህ አያንስም» አለ።

እስካሁን ያነበብኩት የአዲሱን ሲስተም ማኑዋል ብቻ ነው። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚሠራ አሁን አውቃለሁ። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ከምን እንደምጀምር ግን አላውቅም።

በዚህ ሥራ ያለፋችሁ ሰዎች፣ ምን ላንብብ? አሥር መጽሐፍ የማንበብ ጊዜ የለኝም። ሦስት ወይም አራት ብትጠቁሙኝ፣ በየትኛው እንደምጀምርም ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው። ዴቨሎፐሮቹም ቢያነቡት የምትሉት ካለ ጨምሩልኝ።

መልስ፦ ኮድ_ጸሐፊ

ሰላም። እኔ ከዴቨሎፐሩ ወገን ነኝ። ስለዚህ ለሁለቱ ልጆች የሚሆነውን ልንገርሽ።

የዲን ባርከርን «ዌብ ኮንቴንት ማኔጅመንት» ስጫቸው። ከኦራይሊ የወጣ የ2016 መጽሐፍ ነው (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የወደድኩለት አንዱን ሲስተም ከሌላው ጋር አለማወዳደሩን ነው። የሚያስረዳው ማንኛውም ሲኤምኤስ የሚሠራቸውን ሥራዎች ነው፤ ይዘትን በዓይነት መክፈል፣ ኤዲተሩ የሚጠቀምባቸው መሣሪያዎች፣ ጽሑፉ ከረቂቅ እስከ መውጣት የሚያልፍበት መንገድ፣ ከዚያም ማዛወር። ስለ ማዛወር ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለው። ጊዜ ከሌላቸው እሱንና ስለ ይዘት ሞዴል (የትኛው መረጃ ለብቻው ተለይቶ እንደሚቀመጥ) የሚያወራውን ምዕራፍ ያንብቡ። አንቺም ስለ ቡድኑ የሚናገረውን ምዕራፍ አንብቢው፤ ማን ምን እንደሚሠራ አጥርቶ ይለያል።

ሌላው የቦብ ቦይኮ «ኮንቴንት ማኔጅመንት ባይብል» ነው። ከአንድ ሺህ ገጽ በላይ ስለሆነ ከዳር እስከ ዳር ልታነቢው አትሞክሪ። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ ጥያቄ ሲመጣ የምትከፍቺው ነው።

የሮዘንፌልድና የሞርቪል «ኢንፎርሜሽን አርክቴክቸር»ም አለ። ሽፋኑ ላይ የዋልታ ድብ ስላለ ሰው ሁሉ «የድቡ መጽሐፍ» ይለዋል። መጀመሪያ የወጣው በ1998 ነው። አራተኛው እትም ሆርሄ አራንጎ ተጨምሮበት በ2015 ወጥቷል፤ እሱን ፈልጊ። ገጾቹን እንዴት እንደምትመድቢ፣ ምን ብለሽ እንደምትሰይሚ፣ አንባቢው እንዴት እንደሚጓዝባቸውና እንዴት እንደሚፈልግ የሚያስተምር ነው።

መልስ፦ መዝጋቢው

እህቴ፣ እንቅልፍ የነሳሽ ነገር በደንብ ይገባኛል። በዚህ ሥራ አሥራ ስምንት ዓመት ቆይቻለሁ። ስድስት ድረ ገጾች አዛውሬአለሁ። የመጀመሪያው አልተሳካም። መጽሐፍ ከመጥራቴ በፊት እሱን ልንገርሽ፤ ከሁሉ በፊት የማስነብብሽን መጽሐፍ የመረጥኩት በዚያ ምክንያት ነው።

ያኔ የነበርኩበት መሥሪያ ቤት ሲስተም ለመምረጥ ብቻ አምስት ወር ፈጀ። ስብሰባ፣ ሠንጠረዥ፣ ዴሞ፣ እንደገና ስብሰባ። ይዘቱን ግን ዞር ብሎ ያየው ሰው አልነበረም። «እሱ መጨረሻ ላይ ኮፒ ይደረጋል» ተብሎ ታለፈ። ድረ ገጹ ሊከፈት ስድስት ሳምንት ሲቀረው ገጾቹን መቁጠር ጀመርን። 6,200 ሆኑ። ከዚያ በኋላማ ሌት ተቀን ኮፒ፣ ለጥፍ፣ ኮፒ፣ ለጥፍ ሆነ።

ከእነዚያ ገጾች አንዷ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋችም። የማመልከቻ መመሪያ ናት። በአሮጌው ድረ ገጽ ላይ ሦስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ነበራት፦ ማን፣ ምን ያቀርባል፣ እስከ መቼ። ከወርድ ፋይሉ ገልብጬ ስለጥፋት የተደበቀው ፎርማት አብሮ ገባ። ሠንጠረዡ ፈረሰ። ስሞቹ ሁሉ ከላይ፣ ቀኖቹ ሁሉ ከታች ተደረደሩ። የትኛው ቀን የማን እንደሆነ አይለይም። እኔ አላየሁትም፤ በዚያ ቀን የለጠፍኳቸው ገጾች ከሰባ በላይ ነበሩ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንዲት ልጅ ያተመችውን ወረቀት ይዛ መስኮቱ ጋ መጣች። የሌላ ሰው ቀን የራሷ መስሏት ጊዜው አልፎባታል። ወረቀቱን ተቀብዬ ሳየው በእጄ የለጠፍኩት ገጽ ነው። ልጅቷ አልተሳሳተችም። እኛ ነን ያሳሳትናት።

ስለዚህ በሲስተም መጽሐፍ አትጀምሪ። ኮድ_ጸሐፊ የጠራቸው ሁሉ ጥሩ ናቸው፤ እኔም አንብቤአቸዋለሁ። ለአንቺ ግን በመጀመሪያው ሳምንት የሚያስፈልግሽ የፖላ ላንድ «ኮንቴንት ኦዲትስ ኤንድ ኢንቬንቶሪስ» ነው። በ2014 የወጣ ቀጭን መጽሐፍ ነው። ሁለት ሥራዎችን ለይቶ ያሳይሻል። አንዱ ቆጠራ ነው፤ ምን አለን፣ ስንት ነው፣ የት ነው። ሌላው ምርመራ ነው፤ ያለው ነገር ትክክል ነው ወይ፣ ለሰው ይጠቅማል ወይ። ብዙ ሰው ሁለቱን ስለሚደባልቅ አንዱንም አይጨርስም። መጀመሪያ ቁጠሪ። ፍርዱ በኋላ ይመጣል።

እኔ ቆጠራውን የምይዘው በኤክሴል ነው። አንድ ረድፍ ለአንድ ገጽ። የገጹ አድራሻ፣ ርዕሱ፣ መጨረሻ የታደሰበት ቀን፣ ባለቤቱ፣ ውሳኔው። ውሳኔው ከአራት አንዱ ነው፦ ይቆይ፣ ይታረም፣ ከሌላ ጋር ይቀላቀል፣ ይውጣ። ከአምስቱ ዓምዶች ከባዱ የትኛው እንደሆነ ታውቂያለሽ? ባለቤቱ። «የክፍሉ ነው» የሚል መልስ አትቀበዪ። የሰው ስም ይጻፍ። ስም የሌለው ገጽ ካለ የሚያድሰው ሰው የለም ማለት ነው።

ሁለተኛው የአን ሮክሊ «ማኔጂንግ ኢንተርፕራይዝ ኮንቴንት» ነው። በ2002 ወጣ፤ በ2012 ደግሞ ከቻርልስ ኩፐር ጋር ሆና አድሳዋለች። ሁለተኛውን እትም ያዢ። ነገሩ ባጭሩ፣ አንድን ነገር አንድ ቦታ ጽፎ በሚፈለግበት ሁሉ መጠቀም ነው። ቀላል ይመስላል። አንድ ጊዜ የአንድ ክፍል ስልክ ቁጥር ተቀየረብን። ቁጥሩ በ212 ገጾች ላይ በእጅ ተተይቦ ነበር። አንዳንዱ ላይ በሰረዝ፣ አንዳንዱ ላይ ያለ ሰረዝ፣ ሁለቱ ላይ በፎቶ መልክ። ሁለት ሰው ሦስት ቀን ሙሉ ሲያርም ዋለ፤ እንዲያም ሆኖ ያለፉን ነበሩ። በአዲሱ ሲስተም ቁጥሩን የራሱ ሳጥን ሰጠነው፤ ገጾቹ ከዚያ እንዲወስዱ አደረግን። በሚቀጥለው ጊዜ ሲቀየር የተነካው አንድ ቦታ ብቻ ነበር። ዴቨሎፐሮቹ «የይዘት ሞዴል» ሲሉሽ የሚያወሩት ይህን ነው። አትፍሪው። ዴቨሎፐር የሚያውቀው ሳጥን መሥራት ነው፤ የትኛው መረጃ የራሱ ሳጥን እንደሚያስፈልገው የምታውቂው ግን አንቺ ነሽ።

ይህንኑ ሐሳብ ባጭሩ ማንበብ ከፈለግሽ የካረን ማክግሬን «ኮንቴንት ስትራቴጂ ፎር ሞባይል» አለልሽ፣ 2012። ርዕሱ ስለ ስልክ ይበል እንጂ ትምህርቱ ይዘትን ከመልኩ ለይቶ ስለማስቀመጥ ነው። የአሜሪካው ሬዲዮ ኤንፒአር አንድ ጊዜ የጻፈውን ዜና በድረ ገጹም በስልክ መተግበሪያም እንዴት እንደሚያወጣ ታስረዳለች። ለአለቃሽ ልታስረጂ ስትሞክሪ ይህ ምሳሌ ይረዳሻል፤ እኔ ሦስት ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ።

ሦስተኛው የሊሳ ዌልችማን «ማኔጂንግ ኬኦስ» ነው፣ 2015። ይህ ስለ ሥልጣን ነው። መመሪያ የሚያወጣው ማን ነው? ሁለት ክፍሎች ሲጣሉ የሚወስነው ማን ነው? አሥራ አንድ ሰዎች አሉን ብለሻል። አሥራ አንዱም መነሻ ገጹ ላይ መታየት ይፈልጋሉ፤ ይህን ከአሁኑ እወቂው። ማን እንደሚወስን በጽሑፍ ካልተቀመጠ ውሳኔው ድምፁ ከፍ ወዳለው ሰው ይሄዳል። እኔ ጋ እንደዚያ ሆኖ መነሻ ገጹ አራት ጊዜ ፈርሶ ተሠራ።

አንድ ልጨምርና ላብቃ። የፍሬድ ብሩክስ «ዘ ሚቲካል ማን-መንዝ» የ1975 መጽሐፍ ነው። ሰውዬው የአይቢኤምን ኦኤስ/360 (የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና) ሥራ የመራ ነው። የዘገየ የሶፍትዌር ፕሮጀክት ላይ ሰው ሲጨመር ይባስ ይዘገያል ይላል። አዲስ የመጣውን ማሠልጠን አለ። መነጋገሩም ይበዛል፤ አምስት ሰው ሲሆኑ የሚነጋገሩት አሥር ጥንዶች ናቸው፣ አሥር ሰው ሲሆኑ አርባ አምስት። በዚያ በመጨረሻው ስድስት ሳምንት አለቆቻችን ከእኛ ጋር ኮፒ የሚያደርጉ አምስት ሰዎች ጨመሩልን። ቅን ልብ ነበራቸው። የመጀመሪያው ሳምንት እነሱን በማስተማር አለቀ። ሁለተኛው እነሱ የለጠፉትን በማረም። ይህን መጽሐፍ አለቃሽ ቢያነበው ደስ ይለኛል፤ ጊዜ ከሌለው ርዕሱን የያዘችውን ምዕራፍ ብቻ ስጪው።

መልስ፦ ቃል_መራጭ

ከመዝጋቢው ጋር እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ግን ቀርቷል። የሚዛወረው ጽሑፍ ራሱ!

የጂኒ ሬዲሽን «ሌቲንግ ጎ ኦፍ ዘ ወርድስ» አንብቢ። በ2007 ወጥቶ በ2012 ታድሷል። ኤዲተር ስለሆንሽ ይጣፍጥሻል። አንባቢው ጥያቄ ይዞ እንደሚመጣ፣ ገጹም ለዚያ ጥያቄ መልስ መስጠት እንዳለበት ታሳያለች። አሥራ አንዱንም ሰዎች ሰብስበሽ አንድ ምዕራፍ አብራችሁ ብታነቡ የሚልኩልሽ ጽሑፍ ይለወጣል። እኔ ሞክሬዋለሁ። አንድ የክፍል ኃላፊ የራሳቸውን ገጽ ጮክ ብለው እንዲያነቡ ጠየቅኳቸው። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ቆም አሉና «ይሄ ምን ለማለት ነው?» አሉኝ። የጻፉት እሳቸው ናቸው። በዚያው ቀን ከሰዓት አሳጥረው ላኩልኝ።

ከመጽሐፍ ውጭ በነጻ የሚነበቡ ሁለት ነገሮች አሉ። ቲም በርነርስ ሊ በ1998 የጻፈው አጭር ጽሑፍ አለ፤ የገጽ አድራሻ መቀየር የለበትም የሚል። አድራሻው ውስጥ የጸሐፊ ስም፣ የፋይል ዓይነት፣ የሲስተሙ ስም አታስገቡ ይላል፤ እነዚህ ይቀየራሉና። አንድ ሻይ ተጠጥቶ ሳያልቅ ይነበባል። አድራሻ መቀየሩ ግድ ከሆነ አሮጌው ወደ አዲሱ እንዲመራ በ301 ሪዳይሬክት ይደረግ። በመዝጋቢው ኤክሴል ላይ «አዲሱ አድራሻ» የሚል ስድስተኛ ዓምድ ጨምሪበት። ሰው ያስቀመጠው ሊንክ፣ ደብዳቤ ላይ የታተመው አድራሻ ሁሉ በዚያ ዓምድ ይተርፋል።

ሌላው ለሁሉም ተደራሽ የሆነ ድረ ገጽ መመዘኛው፣ ደብልዩሲኤጂ የሚባለው ነው። 2.2 የተባለው በጥቅምት 2023 ወጥቷል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መጨረስ ከባድ ነው። ቢያንስ ስለ ሥዕሎች የሚለውን አንብቢ። ማየት የተሳነው ሰው ገጹን የሚሰማው በስክሪን ሪደር ነው፤ ሥዕሉን የሚገልጽ ጽሑፍ ከሌለ ለእሱ እዚያ ቦታ ምንም የለም። ገጹ አንዴ በእጃችሁ እያለ ጻፉት። «በኋላ እንጨምራለን» ያልነው እኛ ጋ ሁለት ዓመት አልፎትም አልተጨመረም።

መልስ፦ ፈጣን_መንገድ

ይቅርታ አድርጉልኝና የ1975 እና የ2002 መጽሐፍ ለዛሬ ምን ይሠራል? ቴክኖሎጂው ሁሉ ተቀይሯል። አሁን ማዛወሩን ስክሪፕት (ሥራውን በራሱ የሚሠራ አጭር ፕሮግራም) ይሠራዋል፤ ጽሑፉን አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ይመድበዋል። ጊዜዋን ባታባክን ይሻላል ባይ ነኝ።

መልስ፦ መዝጋቢው

ወንድሜ፣ ስለ ቴክኖሎጂው እውነት አለህ። ከቦይኮም ከሮክሊም የቀድሞ እትሞች ስለ መሣሪያ የሚያወሩትን ምዕራፎች ዝለሏቸው እላለሁ፤ ጊዜ አልፎባቸዋል። ስክሪፕትም እደግፋለሁ። ባለፈው ሥራዬ ከአራት ገጽ ሦስቱን ያዛወረው ስክሪፕት ነው።

ግን ስክሪፕቱ የሚሠራው መልኩ ወጥ በሆነ ይዘት ላይ ነው። አንዱ ገጽ ላይ ቀኑ ከላይ፣ ሌላው ላይ ከታች፣ ሦስተኛው ላይ በዓረፍተ ነገር መሀል ከሆነ ስክሪፕቱ የትኛውን ይውሰድ? አንድ ጊዜ ሦስት ገጾች ስለ አንድ አገልግሎት ሦስት የተለያየ ቀን ይዘው አገኘሁ። ሦስቱም በሰላም በስክሪፕቱ ተዛወሩ፤ ስህተት የሚል መልእክት አልመጣም። ማሽኑ ሦስቱን ጎን ለጎን ሊያስቀምጥልህ ይችላል፤ ያ ራሱ ትልቅ እርዳታ ነው። ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ግን ስልክ አንስቼ ባለቤቱን ነው የጠየቅኩት። ባለቤት የሚለውን ዓምድ አጥብቄ የምይዘው ለዚህ ነው።

መልስ፦ ኮድ_ጸሐፊ

ስክሪፕት ጸሐፊ እንደመሆኔ ይህን አረጋግጣለሁ። ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ቆጠራውን ሳትጨርሱ ዴቨሎፐሮቹን ቴምፕሌት (ገጾቹ የሚሞሉበትን ባለ ሳጥን ቅርጽ) አታሠሯቸው። እኔ ስለ ሠራተኞች መረጃ የሚሆን ቆንጆ ቴምፕሌት ሠርቼ ስጨርስ ግማሾቹ ገጾች ሁለት ኃላፊነት የያዙ ሰዎች እንዳሉባቸው ታወቀ። ሳጥኑ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር። ከሥሩ ፈርሶ ተሠራ።

ጠያቂዋ፦ አዲስ_ኃላፊ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ መዝጋቢው፣ የእርስዎን መልስ አትሜ ለአለቃዬ ሰጠኋቸው። የልጅቷን ታሪክ ሁለት ጊዜ አነበቡት።

የላንድን መጽሐፍ አግኝቼ ግማሹን አንብቤአለሁ። አልጨረስኩትም፤ መሀል ላይ አላስችል ብሎኝ መቁጠር ጀመርኩ። ከዴቨሎፐሮቹ አንዱ የአድራሻዎቹን ዝርዝር በአንድ ከሰዓት አወጣልኝ። 4,870 ሆነ። ስለዚህ ከሁለቱ የቢሮ ሰዎች አንዱም ልክ አልነበረም።

የመጀመሪያዎቹን ስልሳ ገጾች በእጄ ከፍቼ አየሁ። «አድራሻችን» የሚለው ገጽ በአራት ቅጂ አለ። ሁለቱ ላይ ያለው የአሮጌው ሕንፃ አድራሻ ነው። ከስልሳው ባለቤት የጻፍኩላቸው ሃያ ሦስት ናቸው፤ የቀሩትን ይህ የእኔ ነው የሚል ሰው አላገኘሁም። ሁለቱን የተሳሳቱ የአድራሻ ገጾች አሁኑኑ ልሰርዛቸው እጄ እያሳከከኝ ነው። ልሰርዝ?

መልስ፦ መዝጋቢው

በርቺ እህቴ! ጥሩ ጀምረሻል።

አትሰርዢ። ዛሬውኑ ሁለቱንም ወደ ትክክለኛው ገጽ አስመሪያቸው፤ ሰው ባዶ ሕንፃ በር ላይ እንዳይቆም። ኤክሴሉ ላይ «ከሌላ ጋር ይቀላቀል» በዪና ቀኑን ጻፊ። ከዚያ አራቱ ቅጂዎች እንዴት እንደተፈጠሩ ጠይቂ። ምናልባት አራት ክፍሎች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ፈልገው ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ምክንያቱን ሳታውቂ ብትሰርዢው በአዲሱ ሲስተም ላይ ተመልሶ ይፈጠራል።

ባለቤት ያጡትን ሠላሳ ሰባቱን ደግሞ ነገ ለአሥራ አንዱ ሰዎች ላኪላቸው፤ በኢሜይል ሳይሆን ወረቀቱን ይዘሽ ራስሽ ሂጂ። የላንድን ግማሽ ማታ ጨርሺው።